ምሩቅ ምንድን ነው?

ምሩቅ በቃሉ ምርቃት የደረሰው ሰው ነው። መንዝ ውስጥ አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው «እንጀራ ይውጣልህ» ካሉት ልጁ ተመርቋል፤ ወረቀት አያስፈልገውም። እህል ሻጯም «መርቂልኝ» ስትባል ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ትደርብበታለች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ዲግሪ የያዘውንም በዚሁ ቃል ምሩቅ አልነው። እኔን ቢጠይቁኝ የሚስማማው የቆሎ ተማሪዎች ቃል ነበር። እነርሱ ዘንድ ትምህርቱን የዘለቀ «አስመሰከረ» ይባላል፤ ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማረ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ወዳለችው ቤተልሔም ድረስ ተጉዞ በመምህራን ፊት ያስመሰክራል። ምርቃት ምኞት ነው፤ ምስክርነት ግን ያዩትን መናገር ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱ ተደባለቁና ጋዋን የለበሰ ሁሉ የተመሰከረለት መሰለን።

የመውጫ ፈተና የመጣው ይህን ለመለየት ነው። ቀድሞ የሕግ ተማሪዎች ይወስዱት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከመቶ ቢያንስ 50 ካላመጣ አይመረቅም። በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከግል ተቋማት ከመጡት ደግሞ 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ። ብዙ ሰው ተማሪዎቹን ወቀሰ። እኔ የታዘብሁት ዓመት ሙሉ ክፍያ እየተቀበለ ልጁን «ኤ» እና «ቢ» እያሸከመ ያሳለፈውን ተቋም ነው።

የአጎቴ ልጅ ከሀገሩ ርቆ ሄዶ መካኒካል ምሕንድስና ተማረ። አጎቴ ሰኔ ላይ ለምርቃቱ ሙክት አስሮ ሲጠብቅ ልጁ 48 አመጣ። ሙክቱ ለእንቁጣጣሽ ታረደ። በሚቀጥለው ዙር 56 አምጥቶ ሲያልፍ ደግሞ ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር በሽሮ ተመረቀ።

56 ምን ይመሰክራል? ቀመሩን ማወቁን፣ ከአራት ምርጫ አንዱን መለየቱን። በአምስት ዓመት ውስጥ ግን አንድ ሞተር በእጁ ፈትቶ አልገጠመም፤ ቤተ ሙከራው ለሠላሳ ሰው አንድ መሣሪያ ነበረውና ከኋላ ቆሞ ነው ያየው። ደግሞ ፈተናው ያልጠየቀው ነገር አለው። የማሽን መመሪያ አንብቦ ራሱን ያስተምራል፤ ያልገባውን «አልገባኝም» ማለት አያፍርም፤ አብሮት ካደረ የሐድያ ልጅ ቋንቋ ለምዶ መጥቷል። አባቱ ቀዬውን ሳይለቅ ያረጀ ሰው ነው፤ የልጁ የሰው ቋንቋ መልመድ ለእኔ ከ56ቱ ይበልጣል።

አሁን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ በየፋብሪካው በር የተለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ያነባል። ዲግሪ የሚለውን መስመር ዘልሎ መጀመሪያ የሚያየው «የሥራ ልምድ» የሚለውን ነው። አብዛኛው 2 ዓመት ይላል። እርሱ የሚፈልገው «0 ዓመት» የሚለውን ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አገኘ፤ የሚፈለገው ብዛት 1፣ በሩ ላይ የተሰለፈው ግን እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር።