አናግራም ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን የብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆራረጥን። ስድስት ትናንሽ ካሬዎች ወጡ። በእያንዳንዷ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በማርከር ጻፈች፦ ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤን። በዚሁ ተራ ስትደረድራቸው «ሊሰን» ሆኑ፤ ማዳመጥ ማለት ነው። «በይ እስቲ ቦታቸውን ቀያይሪ» አልኳት። ኤስን ወደ ፊት አመጣቻት። አይን አስከተለች። ከዚያ ኤል፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ። ትንሽ አፍጥጣ አየችና «ሳይለንት!» ብላ ጮኸች። ዝም ያለ፣ ድምፅ የሌለው ማለት ነው። ጠረጴዛውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «አክስቴ፣ አንዱም ፊደል አልተረፈም እኮ!» አለችኝ።

አናግራም ይሄ ነው። የአንድን ቃል ፊደላት በሙሉ ወስዶ፣ አንድም ሳይጨምሩ አንድም ሳይቀንሱ፣ ቦታቸውን እየቀያየሩ ሌላ ቃል ማውጣት። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ግራማ» ፊደል ማለት ነው። ቴሌግራም ስንል መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ግራም»ም ከዚያው ዘር ናት።

ስድስት የተለያዩ ፊደላት በ720 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። አብዛኛው ድርድር ምንም ትርጉም የለውም። ከእነዚህ ስድስት ግን ሌላም ይወጣል። «ኢንሊስት» አለ፤ ለውትድርና መመዝገብ ነው። «ቲንስል» አለ፤ የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው አብረቅራቂ ክር።

«ሊሰን» እና «ሳይለንት» በተመሳሳይ ፊደላት መጻፋቸውን ብዙ ሰው እንደ ምክር ይጠቅሰዋል፤ ለማዳመጥ ዝም ማለት ያስፈልጋል ለማለት። ደስ የሚል አባባል ነው። ነገር ግን ቃላቱ አይዛመዱም። የመጀመሪያው የጥንት እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለተኛው ከላቲን የመጣ። የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ይህን የማነሳው ተማሪ እንዳይሳሳት ብዬ ነው፤ የፊደል መመሳሰል የትርጉም ዝምድና አይደለም።

ለጀማሪ ጥሩዋ መለማመጃ ኤስ፣ ቲ፣ ኦ እና ፒ ናቸው። «ስቶፕ» ቁም ነው። «ፖስት» ምሰሶም ፖስታም ይሆናል። «ስፖት» ነጠብጣብ ወይም ቦታ፣ «ፖትስ» ድስቶች፣ «ቶፕስ» ጫፎች፣ «ኦፕትስ» ይመርጣል። አራት ፊደል ስድስት ቃል ወለደ ማለት ነው። አንድ ልጅ እነዚህን በካርቶን እያገላበጠ ቢይዛቸው ደብተር ላይ አሥር ጊዜ ከመገልበጥ የበለጠ አእምሮው ውስጥ ይቀራሉ ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ጥቅሙ ግን ስህተት መያዝ ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላት ቦታ ሲለዋወጡ ሌላ ትክክለኛ ቃል የሚሆኑ አሉ። እነዚህን ኮምፒውተሩ በቀይ አያሰምርባቸውም፤ ለእሱ ሁለቱም ትክክል ናቸው። «ፍሮም» ማለትም ከ፣ አርና ኦ ሲለዋወጡበት «ፎርም» ይሆናል፤ ቅጽ ወይም ቅርጽ። «ኤንጅል» መልአክ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያሉት ኢና ኤል ቦታ ሲቀያየሩ «አንግል» ሆኖ ማዕዘን ይሆናል። ለምትወዱት ሰው «መልአኬ» ብላችሁ ስትጽፉ «ማዕዘኔ» እንዳይሆን ነው ነገሩ። «ዳያሪ» የዕለት ማስታወሻ፣ «ዴይሪ» የወተት ነገር። ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ግን «ዩናይትድ» ነው። የተባበረ ማለት ነው። አይና ቲ ሲለዋወጡ «አንታይድ» ይሆናል፤ የተፈታ፣ ቋጠሮው የላላ። ሁለት ፊደል ተለዋወጠና ትርጉሙ ተገለበጠ።

በድሮ ጊዜ አናግራም ምስጢር መጠበቂያም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1610 የከዋክብት ተመራማሪው ጋሊሌዮ ፕላኔቷን ሳተርንን በቴሌስኮፑ አይቶ ያገኘውን ነገር በላቲን ጻፈና ፊደላቱን በታትኖ ላከው። ሌላ ሰው ቀድሜዋለሁ እንዳይል ማስረጃ፣ እስኪያረጋግጥ ድረስ ደግሞ መሸሸጊያ ሆነለት። ሌላው የከዋክብት ተመራማሪ ኬፕለር ሊፈታው ታገለና ማርስ ሁለት ጨረቃ አላት የሚል መልእክት አወጣበት። የጋሊሌዮ መልእክት ግን ሳተርን ሦስት ሆና ታየች የሚል ነበር፤ ያየው ዛሬ ቀለበቷ የምንለውን ነው። የሚገርመው፣ ማርስ እውነትም ሁለት ጨረቃ እንዳላት እ.ኤ.አ. በ1877 ታወቀ።

ታዲያ በአማርኛስ? እዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ይታያል። «ሊሰን» እና «ሳይለንት» በእኛ ፊደል ሲጻፉ ጨርሶ ዘመድ አይመስሉም። እኛ የምንጽፈው የሚሰማውን ነው፤ በ«ሊሰን» ውስጥ ያለችው ቲ ስለማትነበብ እኛ ጋ ቦታ የላትም። ደግሞ እንግሊዝኛ 26 ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ አናባቢው ለብቻው፣ ተነባቢው ለብቻው። የእኛ 33 ዋና ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ አናባቢው ከፊደሉ ጋር ተጣብቋል። «ቡና»ን ገልብጡት፣ «ናቡ» ይላል። ምንም። «ሰላም»ንም ሞክሩ፤ እንዳሻችሁ ብታገላብጡት ወዴትም አይሄድም።

ግን በር አለ። በሩ ሳድስ ነው። ሁሉም ፊደሎቹ ሳድስ የሆኑ አጫጭር ቃላት ይገላበጣሉ። «ልብ» «ብል» ይሆናል፤ ልብስ የሚበላው ብል። «ክብር» «ብርክ» ይሆናል፤ ጉልበት የሚያንቀጠቅጠው። እኔ የምወደው «ቅርብ»ን ነው፤ ሲገላበጥ «ብርቅ» ይላል።

ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ካርቶኖቹን ገልብጣ ጀርባቸው ላይ ብ፣ ር፣ ድ ብላ ጻፈች። «ብርድ» ብላ ደረደረች። ድን ወደ ፊት ሳበቻት፣ ብን መጨረሻ አደረገች። «ድርብ!» አለች። ትንሽ ቆይታ ርን ወደ ዳር ገፋቻትና ሳቀች። «ድብር» ይላል።