ፕሮፌሽናል ጀጅመንት ምንድን ነው? የፋይናንሻል ኤይድ ሠራተኛው ሥልጣን እስከ የት ይደርሳል?

አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጅ ትምህርት የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታ የሚፈልግ ተማሪ ፋፍሳ የተባለውን ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ስለ ቤተሰቡ ገቢ፣ ስለ ንብረቱና ስለ ቤተሰቡ ብዛት ይጠይቃል። መልሱ በቀመር ይሰላና ኤስኤአይ የሚባል ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን የዕርዳታው ዕድል ይሰፋል። ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ሊወርድም ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ቁጥር ሲያይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። "መንግሥት ከወሰነ ምን ይደረጋል" ይባልና ይተዋል። ልጁም የተመኘውን ኮሌጅ ትቶ ሌላ ይፈልጋል፣ ወይም ትምህርቱን ለከርሞ ያስተላልፋል። እንዲህ ሳይጠይቁ ተስፋ የሚቆርጡ ልጆች ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም በየኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪ የገንዘብ ዕርዳታ) ቢሮ ለሚሠሩ ሰዎች ሕጉ ትልቅ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የአንድን ተማሪ የተለየ ሁኔታ አይተውና ማስረጃውን መርምረው፣ ቀመሩ ውስጥ የገባውን መረጃ ማስተካከል ይችላሉ። ፕሮፌሽናል ጀጅመንት የሚባለው ይህ ነው።

ለምን አስፈለገ? ቅጹ የሚያየው ያለፈውን ስለሆነ ነው። ለ2025-26 የትምህርት ዓመት ፋፍሳ የጠየቀው የ2023ን የታክስ መረጃ ነበር። በ2023 ጥሩ ደሞዝ የነበረው አባት በ2025 ከሥራ ቢቀነስ ቅጹ አያውቅለትም። እናት ታማ የሆስፒታል ዕዳ ቢከመር አያውቅም። ወላጆች ቢለያዩም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ ቤተሰቡ አሁንም ደህና ገቢ ያለው ነው፤ ቤት ውስጥ ግን የወር ኪራይ ጨንቋል። በወረቀቱና በኑሮው መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ማየት የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ሥልጣኑ የሚገኘው በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው፤ የፈረሙትም ቴክሳስ፣ ሳን ማርከስ ከተማ፣ ራሳቸው በተማሩበት ኮሌጅ ነበር። ዛሬ የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ የሚተዳደረው በዚህ ሕግና በኋላ በተደረጉለት ማሻሻያዎች ነው። በታኅሣሥ 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮንግረስ ፋፍሳን የሚያቃልል ሕግ ሲያወጣ ለተማሪው የሚጠቅሙ ነገሮች ተጨመሩ። ኮሌጁ እንዲህ ያለ ማስተካከያ መጠየቅ እንደሚቻል በግልጽ ማሳወቅ አለበት። "እኛ ጋ ይህ ነገር የለም" ብሎ ጥያቄውን ሁሉ በጅምላ መመለስ አይችልም። ተጨማሪ መረጃ ለመቀበልና ለማየትም ተማሪውን ገንዘብ ማስከፈል ክልክል ነው።

ጥያቄው ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ስለ ገንዘብ ነው። ሥራ ማጣት፣ የገቢ መቀነስ፣ ኢንሹራንስ ያልሸፈነው የሕክምና ወጪ፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ የልጅ ወይም የአዛውንት እንክብካቤ ወጪ፣ የመኖሪያ ቤት ሁኔታ መለወጥ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሠራተኛው የድሮውን ገቢ በአሁኑ ሊተካ ይችላል። ወይም የተማሪውን የትምህርት ዘመን ወጪ ግምት፣ ለምሳሌ የልጅ መዋያ ጨምሮ፣ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው፣ እንደ ብድር የማይመለሰው የፌዴራል ዕርዳታ በ2025-26 እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ያገኝ የነበረ ልጅ ሙሉውን ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የበለጠ ልብ ይነካል። ፋፍሳ ዕድሜው ከ24 ዓመት በታች የሆነን ተማሪ በወላጆቹ ሥር ያለ አድርጎ ይቆጥረዋል። ያገባ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ በውትድርና ያገለገለ፣ ወላጆቹን በሞት ያጣ እና ጥቂት ሌሎች ከዚህ ውጪ ናቸው። የቀረው ሁሉ የወላጁን መረጃ ማቅረብ አለበት። ወላጁ እስር ቤት ያለበት ልጅስ? ወላጁ ጥሎት የጠፋ፣ ወይም ከጥቃት አምልጦ ከቤት የወጣ? ከሕገወጥ የሰዎች ዝውውር የተረፈች፣ ወይም በስደተኝነት መጥታ ከወላጆቿ ጋር መገናኘት ያልቻለች ልጅስ? ሕጉ እነዚህን በስም ይጠቅሳቸዋል። ሠራተኛው ሁኔታውን አጣርቶ ተማሪውን ራሱን የቻለ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ያን ጊዜ የወላጅ ገቢ ከስሌቱ ይወጣል። የፌዴራል ብድር ጣሪያውም ይለወጣል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በወላጅ ሥር ከሆነ ጣሪያው 5,500 ዶላር ሲሆን፣ ራሱን ከቻለ 9,500 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወላጅ "አልከፍልም" ስላለ ብቻ ልጁ ራሱን የቻለ አይባልም። ወላጅ ቅጹን አልሞላም ማለቱ፣ ልጁን በታክስ ላይ አለማስመዝገቡ፣ ወይም ልጁ ሠርቶ ራሱን ማስተዳደሩም ለብቻው አይበቃም። ወላጆቹ መርዳቱንም ቅጹን መሙላቱንም እምቢ ያሉት ልጅ፣ ቢሮው ከፈቀደለት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወለድ የሚቆጥረውን የፌዴራል ብድር ብቻ ይወስዳል። ጨካኝ ደንብ ነው እላለሁ። ግን ሠራተኛው የሚለውጠው አይደለም፤ እሱን መቆጣትም አይጠቅምም።

ሌላም ወሰን አለው። ቢሮው ቀመሩን ራሱን አይነካም፤ የሚነካው ቀመሩ ውስጥ የሚገባውን መረጃ ነው። የመንግሥት መመሪያም አንዳንድ ወጪዎችን እንደ ምክንያት አይቀበልም፤ የዕረፍት ጉዞ፣ የክሬዲት ካርድ ክፍያ፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ፣ አሥራትም ጭምር። አሥራቱን ሳይቆርጥ ለሚከፍል ቤተሰብ ይህ ሊከብድ ይችላል። ደብዳቤው ላይ ማስገባቱ ግን ጉዳዩን አያግዝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሕጉ ሥልጣኑን ለሰው ሰጠ እንጂ ለማሽን አልሰጠም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ይወሰናል። አንድ ዓይነት ማስረጃ የያዘ ተማሪ በአንዱ ኮሌጅ ይፈቀድለትና በሌላው ሊከለከል ይችላል። ሁለቱም ሕጋዊ ነው። የኮሌጁ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር ይግባኝ አይባልበትም።

ከውሳኔው በፊት ደግሞ አነጋገሩ አለ። ተማሪው መስኮቱ ጋ ቀርቦ "ዕርዳታው አልበቃኝም" ሲል፣ አንዱ ሠራተኛ "ሲስተሙ ያለው ይህን ነው" ብሎ ይመልሰዋል። ሌላው "ቅጹን ከሞላችሁ ወዲህ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ልዩነቱ ይቺ አንዲት ጥያቄ ናት። ተማሪው ፕሮፌሽናል ጀጅመንት የሚለውን ስም ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ በስሙ ጠርቶ አይጠይቅም። ችግሩን በራሱ ቋንቋ ነው የሚናገረው፣ እሱንም ከተናገረ ነው። የአባቱን ሥራ ማጣት ለማያውቀው ሰው መናገር የሚያሳፍረው ልጅ ብዙ ነው። ባለሥልጣን የወሰነውን መከራከር ነውር መስሎት ያደገም አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀድሞ ጠይቆ የሚያናግረው ሠራተኛ ካላገኘ፣ በሕጉ የተሰጠው ዕድል ሳይነካ ያልፋል።

ከቢሮው ባዶ እጁን የወጣ ተማሪ ምን ያደርጋል? የሥራ ሰዓቱን ይጨምራል። ከዚያ የሚወስደውን ክሬዲት ይቀንሳል። ክሬዲቱ ሲቀንስ ፔል ግራንቱም አብሮ ይቀንሳል፣ መመረቂያውም ይርቃል። አንዳንዱ ላብራቶሪና የተግባር ልምምድ የሚጠይቀውን የትምህርት ዘርፍ ትቶ፣ ሰዓቱ ከሥራው ጋር የሚስማማውን ይመርጣል። ወደ ቤት ተመልሶ በየቀኑ ሁለት ባስ እየቀያየረ የሚመላለስም አለ። እነዚህን ምርጫዎች ከውጭ ስናያቸው የልጁ ፍላጎት ይመስሉናል። ብዙዎቹ ግን የተወሰኑት በዚያ መስኮት ላይ ነው።

ማስረጃ አጠያየቁም ልጁን ይጠግነዋል ወይም ያቆስለዋል። ከጥቃት ሸሽቶ ለወጣ ልጅ "ወላጆችህ ፈርመው ያምጡ" ማለት ጭካኔ ነው። ሕጉም ይህን አያስገድድም። ከማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ከጠበቃ ወይም ጉዳዩን ከሚያውቅ የተማሪ ድጋፍ ፕሮግራም የተጻፈ ማረጋገጫ ሊበቃ ይችላል። ሠራተኛው ራሱ ከተማሪው ጋር ያደረገውና በጽሑፍ የተመዘገበ ቃለ መጠይቅም እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅና የሚሠራበት ሰው አንድን ልጅ ከማያልቅ ምልልስ ያድነዋል።

ሠራተኞቹንም መረዳት ያስፈልጋል። የሚያዩት ፋይል ብዙ ነው፣ ኦዲት አለባቸው፣ ያለ ማስረጃ የፈቀዱት ገንዘብ ኮሌጁን ተጠያቂ ያደርጋል። በጥቅምት መጀመሪያ ይከፈት የነበረው ፋፍሳ ለ2024-25 የተከፈተው በ2023 ታኅሣሥ 30 ነበር። መረጃው ለኮሌጆች መድረስ የጀመረው ደግሞ በመጋቢት ነው። ወራት የሚፈጀውን ሥራ በሳምንታት መጨረስ ነበረባቸው። እንዲያም ሆኖ ስልክ እያነሱ ተማሪ ሲያረጋጉ የከረሙት ምስጋና ይገባቸዋል።

ጉዳይ ያለው ሰው እንዲህ ቢጀምር ጥሩ ነው። መጀመሪያ ፋፍሳውን እንዳለ፣ በተጠየቀው ዓመት መረጃ በትክክል ይሙላ። ከዚያ የኮሌጁን ቢሮ በኢሜይል ወይም በአካል ያግኝና ማስተካከያ ለመጠየቅ የራሳቸው ቅጽ እንዳለ ይጠይቅ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፤ ምን ተለወጠ፣ መቼ፣ ገቢው ከስንት ወደ ስንት ወረደ። የሥራ ስንብት ደብዳቤ፣ የሥራ አጥ ክፍያ ወረቀት፣ የመጨረሻ የደሞዝ ሰነድ፣ የተከፈለ የሕክምና ደረሰኝ ይያያዝ። ፋይሉ ለማጣራት ከተመረጠ ማጣራቱ ሳይጠናቀቅ ማስተካከያ መስጠት ስለማይቻል፣ የተጠየቀውን ሰነድ ቶሎ መስጠት ነው። በብዙ ኮሌጆች ተማሪው መምጣት አለመምጣቱን የሚያሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ግንቦት 1 እንደ አውሮፓውያን ስለሆነ፣ መጋቢት ላይ መጠየቅ ግንቦት ከመጠየቅ ይሻላል።

ምርጫው በሁለት ኮሌጆች መካከል ከሆነ ለሁለቱም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ውሳኔ ሌላውን አያስገድድም። የገቢ ማስተካከያ የሚሰጠው ለአንድ የትምህርት ዓመት ነው፤ ችግሩ ከቀጠለ በየዓመቱ መጠየቅ ይገባል። ራሱን የቻለ ተብሎ የተመዘገበ ተማሪ ግን ሁኔታው እስካልተለወጠ ድረስ በዚያው ኮሌጅ በሚቀጥሉት ዓመታትም እንደዚያው ይቆያል። ወደ ሌላ ኮሌጅ ከተዛወረ አዲሱ ቢሮ የድሮውን ውሳኔ የመቀበል ግዴታ የለበትም። የፈቃዱን ደብዳቤና ያቀረበውን ማስረጃ ኮፒ አስቀምጦ ከሄደ ግን ታሪኩን ከዜሮ መጀመር አይኖርበትም።