ወቅቶችን የሚያፈራርቀው ርቀት አይደለም፦ ስለ ቀን፣ ስለ ሌሊትና ስለ ወቅቶች የሚነገሩ ስሕተቶች

«ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ተማሪውም ሆነ ምሩቁ ያለ ማመንታት የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ይሞቃል፣ ስትርቅ ይበርዳል። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ በማስተማር የገፋሁ ሰው ነኝና ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን፣ መልሱን የሚሰጠው ሰው ለአፍታ ቢያስብበት ራሱ ሊያፈርሰው መቻሉ ነው። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ብርድ ሲሆን በደቡባዊው ሙቀት እንደሚሆን ብዙ ሰው ያውቃል። ሁለቱም በአንዲት ምድር ላይ ሳሉ አንደኛው ለፀሐይ ቀርቦ ሌላው የሚርቀው እንዴት ነው?

ቁጥሮቹም ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አይስማሙም። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ርቀት 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እጅግ የምትርቀው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የርቀቱ ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በታኅሣሥ በሙቀት፣ በሰኔ በብርድ ማሳለፍ ነበረባቸው። የ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩ ልዩነት ከንቱ ነው አልልም፤ ወደ ምድር የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን በታኅሣሥ መጨረሻ ከሰኔው 7 በመቶ ያህል ይበረታል። ይሁን እንጂ ይህ 7 በመቶ ከዋናው ምክንያት ጎን ሲቆም ሚዛን አይደፋም።

ዋናው ምክንያት የምድር ዛቢያ ማዘንበል ነው። ምድር የምትሽከረከርበት ዛቢያ፣ ማለትም ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚያልፈው ምናባዊ መስመር፣ በፀሐይ ዙሪያ ለምትጓዝበት ምህዋር ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በዚህም የተነሣ የዓመቱን አጋማሽ ሰሜናዊው፣ ሌላውን አጋማሽ ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል። በሰሜን ኬክሮስ 40 ዲግሪ ላይ የምትገኝን ማንኛዋንም ቦታ እንውሰድ። በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 73 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ከ27 ዲግሪ አትዘልም። ቀጥ ብሎ የቆመ የ1 ሜትር በትር በሰኔው እኩለ ቀን የሚጥለው ጥላ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በታኅሣሡ 2 ሜትር ይሆናል። ዝቅ ብሎ በሰያፍ የሚመጣ ጨረር በሰፊ መሬት ላይ ስለሚበተን፣ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በሰኔው እኩለ ቀን የሚደርሰው ብርሃን ከታኅሣሡ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ የሰኔው ቀን 15 ሰዓት ገደማ ሲረዝም የታኅሣሡ ከ9 ሰዓት ተኩል ያንሳል። ብርሃኑ የሚበረታበት ወቅትና ቀኑ የሚረዝምበት ወቅት አንድ በመሆኑ ሁለቱ ምክንያቶች ይደጋገፋሉ።

እዚህ ድረስ ያስረዳሁት አንድ መሐንዲስ ወዳጄ፣ «ገባኝ፤ ያዘነበለው ወገን ለፀሐይ ስለሚቀርብ ነው የሚሞቀው» ብሎ በሩን ዘግቼ ያስወጣሁትን ርቀት በመስኮት መልሶ አስገባው። የምድር ውፍረት በጠቅላላው 12,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ይህን ያህል መቅረብ ማንንም አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ጨረሩ የሚያርፍበት ማዕዘንና የቀኑ ርዝመት ነው።

ዛቢያው በዓመት ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል የሚሉም አሉ። አይወዛወዝም። ምድር ፀሐይን ስትዞር ዛቢያዋ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ እንደጠቆመ ይቆያል፤ የሚለወጠው ምድር ከፀሐይ በየትኛው ወገን መሆኗ ነው። የዛቢያው አቅጣጫ በርግጥ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ግን 26,000 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት ከየዓመቱ ወቅቶች ጋር አይገናኝም።

ለዚህ ሁሉ ስሕተት በበኩሌ ተጠያቂ የማደርገው ምህዋሩን እንደ እንቁላል አሞላልተው የሚያሳዩ ሥዕሎችን ነው። እንዲህ ያለውን ሥዕል ያየ ልጅ ስለ ርቀት ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ መምህራንን የምመክረው ምህዋሩን በኮምፓስ እንዲስሉት ነው። ራዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሣሉ፤ ፀሐይን ከመካከሉ 2 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ርቀት ፈቀቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በዚህ መጠን እውነተኛው ምህዋር ከክቡ የሚለየው ከእርሳሱ መስመር ውፍረት ባነሰ ነው። ቀጥሎም ተማሪዎቹ በትር ተክለው ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ የእኩለ ቀኑን ጥላ እንዲለኩ አድርጉ፤ የራሱን ልኬት በእጁ የያዘ ተማሪ የእንቁላሉን ሥዕል በቀላሉ አያምንም።

የቀሩት ስሕተቶች ብዙ አያደክሙም። ሌሊትን የምታመጣው ጨረቃ አይደለችም፤ ጨረቃ በቀንም ትታያለች። ሌሊት የሚሆነው ምድር በራሷ ዛቢያ ስትሽከረከር ያለንበት ወገን ከፀሐይ ስለሚዞር እንጂ፣ ምድር ፀሐይን ስለምትዞር አይደለም። አንድ ሙሉ ሽክርክሪትም በትክክል 24 ሰዓት አይፈጅም፤ ከሩቅ ከዋክብት አንጻር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። ምድር በዚያው ቀን በምህዋሯ ላይ 1 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ፀሐይን መልሳ ፊት ለፊት ለማግኘት ወደ 4 ደቂቃ የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋታል። ፀሐይ በየቦታው በእኩለ ቀን አናት ላይ ትሆናለች የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ከምድር ወገብ ከ23.4 ዲግሪ በላይ ርቆ የሚኖር ሰው ፀሐይን አናቱ ላይ ፈጽሞ አያያትም። «ምድር የምትሽከረከር ከሆነ ለምን አይሰማንም?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። በምድር ወገብ ላይ ያለ ሰው በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የማይሰማው ፍጥነቱ የማይዋዥቅ ስለሆነና አየሩም አብሮት ስለሚጓዝ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፉኮ በ1851 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ረጅም ፔንዱለም፣ ማለትም ከላይ ታስሮ የሚወዛወዝ ክብደት፣ አንጠልጥሎ፣ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ቀስ በቀስ ሲዞር በማሳየት ሽክርክሪቱን ለሕዝብ ዓይን አብቅቶታል።

አንዳንድ ብልህ ተማሪ፣ «ምክንያቱ ማዘንበል ከሆነ በሰሜን እጅግ ሞቃቱ ቀን ሰኔ 14 ገደማ፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ጊዜ መሆን አልነበረበትም?» ብሎ ይጠይቃል። ሙቀቱ በብዙ ቦታዎች ከዚያ ሳምንታት ዘግይቶ ጫፍ የሚደርሰው፣ ባሕሩና የብሱ በየቀኑ የሚቀበሉት ሙቀት ከሚያጡት እስከበለጠ ድረስ ሙቀታቸው መጨመሩን ስለሚቀጥል ነው። ውኃ ከየብስ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅም፣ በባሕር ዳርቻዎች ይህ መዘግየት ከአህጉራት መካከለኛ ክፍል ይልቅ ይረዝማል።