ሰዓቴ «ጥሩ ተኝተሃል» ይላል፣ እኔ ግን ደክሞኛል

ጠዋት ራሴ ድንጋይ ሆኖ እነሳለሁ። የእጅ ሰዓቴ ግን «የእንቅልፍ ብቃት 91 በመቶ» ብሎ ያሞካሸኛል። ማንን ልመን?

ቃሉን እንፍታው። የእንቅልፍ ብቃት ማለት አልጋ ላይ ከቆየህበት ጊዜ ስንት በመቶውን ተኛህ ማለት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። 8 ሰዓት ተጋድመህ 6 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከተኛህ 85 በመቶ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደህና የሚባለውም ከዚያ ጀምሮ ነው። ታዲያ 4 ሰዓት ብቻ ተጋድመህ ሙሉውን ብትተኛስ? 100 በመቶ! እንቅልፉ በቃህ ማለት ግን አይደለም።

ሌላው ጣጣ፣ ሰዓቱ እንቅልፍን በቀጥታ አያይም። በአብዛኛው የሚያየው የእጅህን እንቅስቃሴና የልብ ምትህን ስለሆነ፣ ሳትነቃነቅ ጣሪያ እያየህ የቤት ኪራይ ስታሰላ ብታድር እንደተኛህ ሊቆጥርልህ ይችላል። የላቦራቶሪው ምርመራ፣ ፖሊሶምኖግራፊ የሚባለው፣ ራስ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የአንጎል ሞገድን ይለካል፣ የዓይን እንቅስቃሴንና ትንፋሽንም ይጨምራል። የሚገርመው እዚያም ማሽኑ «ተኝቷል» እያለ ሰውየው «ዓይኔን አልከደንኩም» ብሎ የሚምልበት ጊዜ አለ። እየዋሸ አይደለም፤ ሐኪሞች ፓራዶክሲካል ኢንሶምኒያ ይሉታል።

ስለዚህ ቁጥሩ አምሮ ቀን ቀን እንቅልፍ ከጣለህ፣ በተለይ ደግሞ የምታንኮራፋ ከሆነ፣ ሰዓቱን ተወውና ሐኪም ጋ ሂድ።