ወጣቶች፣ ትምህርትና መገናኛ ብዙኃን በአየር ንብረት ለውጥ ላይ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሕዝብን ማስተማር በዓለም አቀፍ ሕግ የተጻፈ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 6፣ የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ይህንኑ ከአገሮች ይጠይቃሉ። ግዴታውን ከወረቀት አውርደው ሥራ ላይ በማዋል ግን ወጣቶች ብዙ ጊዜ ከመንግሥታት ቀድመዋል።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ትምህርቱ የሚጀምረው ሁለት ቃላትን ከመለየት ነው። «የአየር ሁኔታ» የዛሬው ዝናብ፣ የነገው ፀሐይ ነው፤ «የአየር ንብረት» ግን የረጅም ጊዜ፣ በተለምዶ የ30 ዓመት፣ አማካይ ጠባይ ነው። ይህ ያልገባው ሰው አንድ ሳምንት ብርድ ሲበረታ የምድር ሙቀት መጨመር ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል።

በተማሪዎች ክበባት የሚሠራ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቀርባል። በአንደኛው በረዶው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በሁለተኛው ከውሃው በላይ ብቅ ባለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የውሃው ልክ በእስክሪብቶ ይሰመራል። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ እመስመሩ ላይ ነው፤ የሁለተኛው ግን መስመሩን አልፏል። የግሪንላንድ የየብስ በረዶ መቅለጥ ለባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ለምን እንደሚያሰጋ ያየ ልጅ ቤት ገብቶ ለወላጆቹ በራሱ ቃል ያስረዳል። ከብዙ መፈክር ይህ ይበልጣል።

ካናዳዊቷ ሴቨርን ካሊስ-ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1992 ብራዚል ውስጥ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ስትናገር 12 ዓመቷ ነበር። ስዊድናዊቷ ግሬታ ቱንበርግ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አየር ንብረት መፈክር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዛ በአገሯ ፓርላማ ደጃፍ ስትቀመጥ 15 ዓመቷ ነበር፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የተዛመተው ፎቶ በቀጣዩ መጋቢት ከመቶ በላይ አገሮች ተማሪዎችን አደባባይ አወጣ።

ሚዲያ ግን ማንን እንደሚያሳይ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በሚካሄድባት የስዊዘርላንድ ከተማ ዳቮስ አምስት የአየር ንብረት ተሟጋች ወጣቶች አብረው ፎቶ ተነሡ፤ የዜና ወኪሉ አሶሺዬትድ ፕሬስ ምስሉን ሲያሰራጭ ኡጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ ተቆርጣ ወጥታ ነበር። በመካከላቸው የነበረች ብቸኛ አፍሪካዊት እሷ ነበረች። ተቋሙ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፤ ቢሆንም በካርቦን ልቀት ድርሻው እጅግ አነስተኛ የሆነ አህጉር ልጅ ከሥዕሉ መውጣቷ እንደ ተራ ስህተት የሚታለፍ አይደለም።

በመማሪያ ክፍል የተጀመረ ሐሳብ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ የፓስፊክ ደሴቶች ተማሪዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በቫኑዋቱ የሳውዝ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ 27 የሕግ ተማሪዎች፣ መንግሥታት በአየር ንብረት ረገድ ያለባቸውን ግዴታ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እንዲያብራራ ዘመቻ ጀመሩ። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳቡን ተቀበለ፤ በመጋቢት 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ያለ ድምፅ አሰጣጥ በስምምነት አጸደቀ። ሄግ ላይ የተቀመጠው ፍርድ ቤት ጁላይ 23 ቀን 2025 አስተያየቱን ሲያነብ አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው አረጋገጠ።