አሮጌ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በወሎ፦ ባለቤትነትና ጥገና

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በመኪና የወጣ ሰው ሐረጎን ያውቀዋል። መኪናው ያቃስታል፣ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ መንገዱ ይጠማዘዛል። በአየር ሲታሰብ ቀላል ይመስላል። ሁለቱ ከተሞች ቀጥታ ቢለኩ 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። ነገር ግን ጭነቷን የያዘች አሮጌ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከኮምቦልቻ ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ ደሴ ብታመራ ተራራው ይቀድማታል። እሷም እንደ መኪናው ሸለቆው ላይ እየዞረች ነው ከፍታ የምትሰበስበው። ወሎ ላይ እንዲህ ያለች አውሮፕላን መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ጥሩ ነው።

"አሮጌ" የሚለው ቃል በአቪዬሽን እንደ መኪና አይደለም። በዓለም በብዛት የተሠራችው አውሮፕላን ሴስና 172 ናት። መጀመሪያ የበረረችው በ1955 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስካሁን ከ44,000 በላይ ተሠርታለች። ምርቷ በ1986 ቆሞ በ1996 እ.ኤ.አ. እንደገና ተጀመረ። ከተሠሩት ውስጥ አብዛኞቹ ከ1986 በፊት የወጡ ናቸው። ስለዚህ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላት አውሮፕላን ብርቅ አይደለችም። ዋናው ጥያቄ መቼ ተሠራች ሳይሆን ስንት ሰዓት በረረች፣ ማን ነካካት፣ መዝገቧስ ምን ይላል የሚለው ነው። የጥገና መዝገቧ የጠፋ አውሮፕላን ቀለሟ ቢያብረቀርቅም እኔ ብሆን አልገዛትም።

ወሎ ለትናንሽ አውሮፕላኖች እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ደሴ የአውሮፕላንን ክፉ ገጽታ አየች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታልም አልቀረ። በዚያው ጦርነት ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሃይንከል የምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለቀይ መስቀል ያበር ነበር። ይኸው ሰው በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ከትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ለተራቡ ሰዎች እህል ጥሏል። በሌላ በኩል የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ለብዙ ዓመታት ቢቨር በተባሉ ባለ አንድ ሞተር የካናዳ አውሮፕላኖች ሠርቷል። የቢቨር ምርት ያቆመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፕላኖቹ ግን ከዚያ በኋላም አሥርተ ዓመታት ሠርተዋል። በደንብ የተያዘች አሮጌ አውሮፕላን ምን ያህል እንደምታገለግል ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

አሁን ወደ ከፍታው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,860 ሜትር ነው። ሹምሸሃ ላይ ያለው የላሊበላ ማረፊያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል። ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ 28 ዲግሪ የሆነ ቀን አውሮፕላኗ የምታገኘው አየር በመደበኛ ሁኔታ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በዚህ አየር የሚሰጠው ወደ 110 ብቻ ነው። ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ያንሳል። ስለዚህ የመንደርደሪያው ርቀት ይረዝማል። በባሕር ጠለል በደቂቃ 200 ሜትር ገደማ ትወጣ የነበረች ሴስና ጭነቷን ከሞላች እዚህ 80 ሜትር ብታገኝ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ሒሳቡን ስንሠራው የሐረጎ ጠመዝማዛ ለምን በሰማይም እንዳለ ይገባናል። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ይህ የብዙዎቹ አሮጌ ሴስናዎች የከፍታ ጣሪያ ነው። በላዩ አይታለፍም፤ ዙሪያውን ነው የሚኬደው።

ይህ ሁሉ ለባለቤቱ የአበራረር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጥገና ጉዳይም ነው። በቆላ ሜዳ ትንሽ የደከመ ሲሊንደር ላይታወቅ ይችላል። ወሎ ላይ ግን የሚተርፍ ጉልበት የለም። ስለዚህ የኮምፕሬሽን ምርመራ፣ ማለትም ሲሊንደሩ የታመቀውን አየር ምን ያህል እንደሚይዝ መለካት፣ እዚህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። ደጋ ላይ ሲነሱ የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ ማቅጠንም ግድ ነው። ያለዚያ ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል፣ ካንዴላዎቹም ጥላሸት ይይዛሉ።

የጥገናው ዙር በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ፍልትሮ ላለው ሞተር ዘይት በየ50 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ብዙም ካልበረረች በየ4 ወሩ። የወጣው ፍልትሮ ተቆርጦ ይታያል። ውስጡ የብረት ብናኝ ከተገኘ ሞተሩ ከውስጥ ራሱን እየበላ ነው ማለት ነው። ማግኔቶዎቹ በየ500 ሰዓቱ ተፈትተው ይመረመራሉ። ማግኔቶ ማለት ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ሁለት አለ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደርም ሁለት ካንዴላ። ከባትሪ ምንም አይፈልጉም። ባትሪው በአየር ላይ ቢሞት ሞተሩ አይጠፋም። ይህን ያሰቡት ሰዎች ሁሌም ያስደንቁኛል። በሴስና 172 ላይ ለብዙ ዓመታት የተገጠመው ላይኮሚንግ ሞተር በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት ወርዶ እንዲታደስ አምራቹ ይመክራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን የአሮጌ አውሮፕላን ትልቁ ጠላት መብረር ሳይሆን መቆም መሆኑን ነው። የላይኮሚንግ ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከላይ ነው የተቀመጠው። ሞተሩ ለሳምንታት ካልሠራ ዘይቱ ወደ ታች ይንጠፈጠፍና ብረቱ ይራቆታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወሎ ዝናብና ጉም ሲውል ሲያድር እርጥበቱ ሥራውን ይሠራል። ሞተሩን መሬት ላይ ትንሽ አስነስቶ ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፤ ዘይቱ በደንብ ስለማይሞቅ ውኃውን አያተንም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ማብረር ነው የሚጠቅማት። ክረምቱ የማያስበርር ከሆነ ሞተሩ በመከላከያ ዘይት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ዝገት ሌላም ቦታ ይደበቃል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ ሴስናዎች ክንፋቸው ከውስጥ ፀረ ዝገት ቀለም አልተቀባም። የክንፉን መፈተሻ መስኮቶች ከፍቶ ውስጡን በመብራት ማየት ያስፈልጋል። የወንበሩ ሐዲድም አለ። ካለቀ ወንበሩ በሚነሱበት ሰዓት ወደ ኋላ ይንሸራተትና አብራሪው መሪውን ይዞ ሊጎትት ይችላል። በዚህ ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ በየጊዜው እንዲለካ አስገዳጅ መመሪያ ወጥቷል። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ። የአየር ፍልትሮው ከታፈነ ጉልበት ይቀንሳል፤ ከተቀደደ አቧራው ሲሊንደሩን ይፍቃል። በረዶ ከጣለ ቀጭኑ አልሙኒየም ይጎደጉዳል። ስለዚህ መጠለያ ሃንጋር ከሌለ ባለቤትነቱን ደግሞ ማሰብ ይሻላል።

ነዳጁ የራሱ ራስ ምታት ነው። እነዚህ ሞተሮች የሚጠጡት አቭጋዝ የተባለውን፣ ሰማያዊ ቀለምና ጥቂት እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ነው። መንገደኛ አውሮፕላኖች የሚሞሉት ጄት ኤ-1 ግን ከነጭ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ ነው። በስህተት ከተቀዳ ሞተሩ ከተነሱ በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ሲቀዳ ባለቤቱ አጠገቡ ይቁም፣ ቀለሙንም ይይ። ሴስና 172 በሰዓት ከ30 እስከ 35 ሊትር ትጠጣለች። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ተኩል ትደርሳለች፤ የመመለሻውን ነዳጅ ግን ከመነሳት በፊት ማረጋገጥ ነው።

ገንዘቡን በሁለት ከፍሎ ማየት ይቀላል። አንዱ በረረችም አልበረረችም የሚወጣ ነው፦ ሃንጋር፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ። ሌላው በሰዓት የሚሄድ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው የሞተር ማደሻውን ነው። ለምሳሌ ማደሻው 3,000,000 ብር ቢሆን፣ ለ2,000 ሰዓት ሲካፈል በየሰዓቱ 1,500 ብር መቀመጥ አለበት። እንደ ዕቁብ ነው፤ ሳያቋርጡ መጣል። ሦስት አራት ሰው ተሻርኮ መያዝም በጣም ይረዳል። ወጪው ይከፋፈላል፣ አውሮፕላኗም ቶሎ ቶሎ ትበራለች። ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን።

በሕግ በኩል ምዝገባውንም የበረራ ብቃት ምስክር ወረቀቱንም የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን ጅራቱ ላይ ኢቲ የሚል መለያ ይይዛል። ጥገናውን ፈርሞ የሚያስረክበው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ እጃቸው ወርቅ የሆነ የጋራዥ ሰዎች አሏቸው፤ የአይሱዙ ሞተር አውርደው በድምፁ ብቻ በሽታውን የሚነግሩ። ያ ጆሮ እዚህም ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ግን ቡሎን እንኳ አይፈታም፤ ከመኪና የተወሰደ ቺንጋም አይገጠምም፣ ልኩ አንድ ቢሆንም።

አሮጌ አውሮፕላን ማቆየት እንደ አገርም ትርጉም አለው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር የተሠራችው ፀሐይ የተባለች አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር ነበረች። ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች።

ወሎ ላይ ጥሩው የበረራ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ነው። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ የሚነሳው ነፋስና ደመናም አልደረሰም። ባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል። ሌሊት በታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ካለ ከክንፉ ሥር በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያያል። ዘይቱን ይለካል። በፕሮፔለሩ ጫፍ ላይ ጠጠር የመታው ካለ በጣቱ ይዳብሳል። ኮፈኑ ሥር ወፍ ጎጆ ሠርታ እንደሆነም ጎንበስ ብሎ ያያል፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ሣር ታመጣለች።