የኦንላይን ማስታወቂያ ምንድን ነው? ለነጋዴስ ምን ያተርፋል?

የኦንላይን ማስታወቂያ ማለት ተከፍሎበት ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ ነው። ጎግል ላይ አንድ ነገር ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው፣ ፌስቡክ ስትከፍቱ «ስፖንሰርድ» ተብሎ የሚታየው፣ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው ሳይጀምር የሚቀድመው ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው። የእኛ አገር ነጋዴዎች «ቡስት ማድረግ» የሚሉትም ይኸው ነው። የራስን ፖስት ገንዘብ ከፍሎ ተከታይ ላልሆነ ሰው ጭምር ማሳየት ማለት ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው ሲባል ብዙ ሰው «ርካሽ ነው» ወይም «ብዙ ሰው ያየዋል» ይላል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው ባይ ነኝ። ነጋዴው ያወጣው ገንዘብ ምን ይዞለት እንደመጣ ቆጥሮ ማወቅ ይችላል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ትልቅ ቢልቦርድ የሰቀለ ድርጅት ስንት ሰው ቀና ብሎ እንዳየው አያውቅም። ካዩት ውስጥ ስንቱ እንደገዛማ ጭራሽ አያውቅም። ትልቅ ድርጅት ይህንን ይችለዋል። ሦስት በአራት በሆነች ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን እያንዳንዷ ሺህ ብር ወዴት እንደሄደች ማወቅ አለበት።

መነሻው ሩቅ አይደለም። ኦክቶበር 27 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ሆትዋየርድ የተባለ የአሜሪካ ድረ ገጽ ኤቲ ኤንድ ቲ የተሰኘውን የስልክ ኩባንያ ማስታወቂያ አወጣ። ካዩት ሰዎች 44 በመቶ ያህሉ እንደተጫኑት ይነገራል። ዛሬ መቶ ሰው አይቶት አንድ ሰው እንኳ ከተጫነው ጥሩ የሚባል ማስታወቂያ ብዙ ነው። ያኔ ነገሩ አዲስ ስለነበር ሰው ሁሉ ይነካው ነበር።

ለትንሹ ነጋዴ በሩ የተከፈተው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ጎቱ ዶት ኮም የሚባል የፍለጋ ድረ ገጽ አዲስ አሠራር አመጣ። ማስታወቂያህ ስለታየ አትከፍልም፣ የምትከፍለው ሰው ሲጫነው ነው አለ። ለስንት ብር እንደሆነ ደግሞ ነጋዴዎቹ ራሳቸው በጨረታ ይወስኑ አለ። ጎግል የማስታወቂያ አገልግሎቱን በ2000 እ.ኤ.አ. በ350 ደንበኞች ጀመረ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በክሊክ፣ ማለትም ሰው ማስታወቂያውን በተጫነ ቁጥር፣ የሚከፈልበትን ጨረታ አስገባ።

ይህ ጨረታ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ገንዘብ ያለው ሁልጊዜ ከላይ ይወጣል» ብሎ ስለሚያስብ ሳይሞክረው ይተወዋል። እንደዚያ አይደለም። ጎግል ላይ አንድ ሰው «የሰርግ ኬክ» ብሎ ሲፈልግ በዚያች ቅጽበት ጨረታ ይካሄዳል። ለአንድ ክሊክ ስንት ለመክፈል ተዘጋጅተሃል የሚለው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ከተፈለገው ነገር ጋር ምን ያህል ይገናኛል፣ ሰው የመጫኑ ዕድል ምን ያህል ነው፣ ከተጫነ በኋላ የሚደርስበት ገጽ የሚረባ ነው ወይ የሚሉትም ይታያሉ። ስለዚህ ለክሊክ 40 ብር ያቀረበው ትልቅ ሆቴል ማስታወቂያው ስለ አልጋና ቁርስ ከሆነ፣ 20 ብር ያቀረበችው ኬክ ጋጋሪ ልትበልጠው ትችላለች። የምትከፍለውም ያቀረበችውን በሙሉ ሳይሆን ከእሷ ዝቅ ያለውን ተወዳዳሪ ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ነው። ፌስቡክና ኢንስታግራምም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ስሌት አላቸው። ማስታወቂያው ለሚያየው ሰው ይጠቅማል ተብሎ ከተገመተ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

እስኪ ወደ ሽሮ ሜዳ እንውረድ። አንዲት ሴት የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ አላት እንበል። ዳር እስከ ዳር የአገር ልብስ በተደረደረበት መንገድ ላይ ግራና ቀኟ ተመሳሳይ ሱቅ ነው። ቦታው ላይ የመጣ ገዢ አሥር ሱቅ አይቶ በአሥራ አንደኛው ይገዛል። እሷ ግን ገዢው ሽሮ ሜዳ ከመምጣቱ በፊት ልታገኘው ትፈልጋለች።

ሁለት ማስታወቂያ ሠርታ በእያንዳንዱ ላይ 3,000 ብር አወጣች እንበል። አንደኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ ሞዴል የለበሰችው ቀሚስ ፎቶ ነው። ሁለተኛው በስልኳ የቀረጸችው አጭር ቪዲዮ ነው። ጥለቱን በቅርብ ያሳያል፣ ጨርቁን በእጇ ገልበጥ አድርጋ ታሳያለች፣ ዋጋው ተጽፏል። ፎቶው 900 ላይክ አገኘ፣ 25 ሰው ጠየቀ፣ 2 ሰው ገዛ። ቪዲዮው 140 ላይክ ብቻ አገኘ፣ 31 ሰው ጠየቀ፣ 7 ሰው ገዛ። ከአንድ ቀሚስ 1,200 ብር የምታተርፍ ከሆነ ፎቶው 2,400 ብር አስገብቶ 600 ብር አክስሯታል። ቪዲዮው 8,400 ብር አስገብቶ የማስታወቂያው ወጪ ሲቀነስ 5,400 ብር ተርፏታል። ላይክ ብቻ ብትቆጥር ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ገንዘቧን በሙሉ ፎቶው ላይ ታፈሰው ነበር።

ይህንን ስሌት ለመሥራት ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ስንት ሰው አየው፣ ስንት ሰው ተጫነው፣ ስንት ሰው መልእክት ላከ የሚለውን ፌስቡክ ራሱ ያሳያል። ችግሩ ሽያጩ ላይ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ገዢው እዚያው ድረ ገጹ ላይ በካርድ ስለሚከፍል ሥርዓቱ ሽያጩን ራሱ ይቆጥራል። እኛ ጋ ሰውየው ማስታወቂያውን ያያል፣ ይደውላል፣ ቅዳሜ ከእህቱ ጋር ይመጣል፣ ተከራክሮ ያስቀንሳል፣ በቴሌብር ወይም በጥሬ ይከፍላል። ያንን የትኛውም ኮምፒውተር አያየውም። ስለዚህ ደብተር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለየ ስልክ ቁጥር መስጠት፣ ወይም «ቪዲዮውን አይቼ ነው ላለ ሰው ዴሊቨሪ ነፃ» ብሎ መጻፍ፣ ወይም ቢያንስ የመጣውን ሁሉ «የት አይታችሁን ነው?» ብሎ ጠይቆ መመዝገብ ይቻላል። ብዙ ነጋዴ ይህንን አይሠራም። ከዚያ «ቡስት አድርጌ ነበር፣ ምንም የለውም» ይላል። ይኑረው አይኑረው ግን በምን ያውቃል?

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም ማን እንደሚያየው መምረጥ መቻል ነው። ከተማ፣ ዕድሜ፣ ቋንቋና ፍላጎት መምረጥ ይቻላል። የሽሮ ሜዳዋ ነጋዴ ማስታወቂያዋን አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ዙሪያ ላሉ ኢትዮጵያውያን ልታሳይ ትችላለች። በዋሽንግተን አካባቢ ስንት ሰርግ፣ ስንት ክርስትና፣ ስንት የእንቁጣጣሽ ዝግጅት እንዳለ እናውቃለን። ድሮ ወደዚያ ገበያ መግባት የሚችለው ዘመድ ያለው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሰዓቱን ማሰብ ያስፈልጋል። እዚያ ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ራት በልቶ ስልኩን የሚያነሳው ከምሽቱ 2 ሰዓት ቢሆን አዲስ አበባ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። «በኔ ልክ አለ? እስከ መቼ ይደርሳል?» የሚለው መልእክት የሚገባው ነጋዴዋ ተኝታ እያለ ነው። ቢያንስ ዋጋን፣ ልክንና የመላኪያ ጊዜን የሚመልስ አውቶማቲክ መልስ ካላዘጋጀች የከፈለችበት ገዢ ጠዋት ሲሆን ወደሌላ ሄዷል።

ከዋጋ ጋር የተያያዘ አንድ ልማድ አለን፣ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ነገር ገንዘብ ያስበላል። በፖስት ላይ በነፃ ሲለጠፍ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ማስታወቂያ ላይ ሲሆን ግን ነጋዴው ገንዘብ ከፍሎ ሰው ያመጣል፣ የመጣው ሰው ደግሞ ዋጋ ብቻ ጠይቆ ይሄዳል። ዋጋው ቢጻፍ ግን አቅሙ የማይፈቅድለት ሳይጽፍ ያልፋል። የሚጽፈው ለመግዛት የተቃረበው ነው። ጠያቂ ይቀንሳል፣ ገዢ ይበዛል። ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። ተፎካካሪውም ግን ኢንቦክስ መጻፍ ይችላል።

ሌሎች ጥቅሞችም አሉ፣ በአጭሩ ልለፋቸው። በትንሽ ገንዘብ መጀመር ይቻላል። ያልሠራውን ማስታወቂያ በዚያው ቀን ማቆም ይቻላል። ሬዲዮ ላይ የተላለፈን ስህተት መመለስ አይቻልም፣ እዚህ ግን ዋጋው ተሳስቶ ከተጻፈ ወዲያው ይስተካከላል። ገጹን አይቶ ሳይገዛ ለሄደ ሰው ያንኑ ዕቃ ደግሞ ማሳየትም አለ። ይህኛው ሲበዛ ሰውን ያሰለቻል፣ በልክ ነው።

ቴሌግራም ለብቻው ቢነሳ ጥሩ ነው፣ እኛ አገር ገበያው ያለው እዚያ ስለሆነ። ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው ማስታወቂያ በ2021 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን ጽሑፉ ከ160 ፊደል እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የወጣው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢያንስ 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የገቢውን ግማሽ ያካፍላል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን በዚያ በኩል አይሄድም። የቻናሉን ባለቤት አነጋግሮ፣ በብር ተስማምቶ፣ ፖስቱን ያስለጥፋል። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የተከታይ ቁጥር ብቻ አይቶ መክፈል አደገኛ ነው፣ ተከታይ በገንዘብ ይገዛልና። አንድ ፖስት ስንት ጊዜ እንደታየ ከስሩ ተጽፏል። 80,000 ተከታይ ያለው ቻናል ፖስቱ 900 ጊዜ ብቻ ከታየ ነጋዴው መክፈል ያለበት ለ900 ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። የፌስቡክም ሆነ የጎግል ማስታወቂያ የሚከፈለው ለውጭ አገር ክፍያ በሚሠራ ካርድ ነው። ያ ካርድ የሌለው ነጋዴ ውጭ ያለ ዘመድ ያስከፍላል፣ ወይም ለሚያስከፍልለት ሰው ኮሚሽን ይጨምራል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በ10 ዶላር የሚሠራ ማስታወቂያ 575 ብር ገደማ የነበረው ከሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ርካሽ ነው» የሚለው ምክር ድሮ የተሰጠ ከሆነ እንደገና ይሰላ። ማስታወቂያውን በሌላ ሰው የሚያሠራ ነጋዴም የማስታወቂያ አካውንቱ በራሱ ስም መከፈቱን ያረጋግጥ። በሠሪው ስም ከሆነ ሁለቱ የተለያዩ ዕለት የተሰበሰበው ቁጥር ሁሉ ከሠሪው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ማስታወቂያ የማይሠራው ነገርም አለ። ስልክ የማያነሳ ሱቅን አያድንም። ፎቶው ላይ ቀይ የሆነው ሲመጣ ብርቱካናማ የሚሆን ዕቃን አያድንም፣ እንዲያውም ቅሬታው ኮመንት ላይ ለሁሉም እንዲታይ ያደርጋል። ሕጉም አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «100 በመቶ የእጅ ሥራ» ብሎ የማሽን ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ደንበኛ ከማጣት አልፎ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ገና ከመነሻው አዲስ ማስታወቂያ ለመፍጠር ባይደክም ይሻላል። ባለፉት ወራት ያለ ክፍያ ከለጠፋቸው ውስጥ ሰው «አለ? የት ናችሁ?» ብሎ የጠየቀባቸውን ሁለት ፖስቶች ይምረጥ። ዋጋና አድራሻ ይጨምርባቸው። ቢጠፋ የማይጎዳውን ያህል ገንዘብ ለሁለቱም እኩል ይመድብ። ሲጀምር በየሰዓቱ እየገባ አይነካካው፣ ሥርዓቱ ማን እንደሚፈልገው ለመለየት ጥቂት ቀን ይወስድበታል። አንድ ሳምንት ሲሞላው ደብተሩን ይክፈትና የጠየቀውንና የገዛውን ከወጪው ጋር ያስተያይ። አንድ ገዢ ለማምጣት የወጣው ገንዘብ ከአንድ ዕቃ ትርፍ በታች ከሆነ በጀቱን ቀስ እያለ ይጨምር፤ ከበለጠ ያቁመውና ፎቶውን፣ ዋጋውን ወይም የሚታይበትን አካባቢ ቀይሮ ይሞክር፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ከቀየረ ግን የትኛው እንደሠራ አያውቅም።